የጽንስ ማስወረድ ሕግና የወንጀል መጠን፦ የአንድ ክርክር ታሪክና ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

መግቢያ

በሕፃናት መወለድና አስተዳደግ ላይ የሚወጣ ሕግ ውጤቱ በግልጽ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በመካከሉ ሌሎች ብዙ ሁኔታዎች ስለሚለወጡ፣ መንስኤንና ውጤትን አገናኝቶ መናገር ቀላል ሲሆን ማረጋገጡ ግን አዳጋች ይሆናል። በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ጽንስ ማስወረድ በሕግ መፈቀዱ የወንጀልን መጠን ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም በሚል የተነሣው ክርክር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የክርክሩ አነሳስ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር ወር 1973 በሰጠው ውሳኔ ጽንስ ማስወረድ በመላ ሀገሪቱ ተፈቀደ። ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ የሚገኙባቸው አምስት ግዛቶች ግን በ1970 ገደማ ቀደም ብለው ፈቅደው ነበር።

በ1995 ጆን ዲዩሊዮ የተባሉ ምሁር ርኅራኄ የማያውቅ የወጣት ወንጀለኞች ትውልድ እየመጣ ነው ሲሉ አስጠነቀቁ። በዚያው ዘመን ብዙ ግዛቶች ለአካለ መጠን ያልደረሱ አጥፊዎች እንደ አዋቂ የሚዳኙበትን ሕግ አጠነከሩ። የተፈራው ትውልድ ግን አልመጣም። እንዲያውም በ1991 ከ100,000 ሰው 9.8 ያህል የነበረው የነፍስ ግድያ መጠን በ2000 ወደ 5.5 ዝቅ አለ።

በ2001 ጆን ዶናሂውና ስቲቨን ሌቪት የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ መቀነስ ምክንያት ነው ያሉትን አቀረቡ። ሳይፈለግ የሚወለድ ሕፃን ችግር የበዛበት አስተዳደግ ሊገጥመው ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ልደት ሲቀንስ ልጆቹ ለወጣትነት በሚደርሱበት ጊዜ ወንጀልም ይቀንሳል የሚል ነበር። ለማስረጃም ቀድመው በፈቀዱት ግዛቶች ወንጀል ቀድሞ መቀነሱን፣ የማስወረድ መጠን ከፍ ባለባቸውም ግዛቶች ይበልጥ መቀነሱን ጠቀሱ። ከታየው መቀነስ እስከ ግማሽ የሚደርሰው በዚህ ሳቢያ ሊሆን እንደሚችልም ገመቱ።

2. የቀረቡት ተቃውሞዎች

ቴድ ጆይስ የተባሉት ተመራማሪ በበኩላቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ክራክ የተባለ የኮኬይን ዓይነትና ያስከተለው ሁከት በስሌቱ ውስጥ በሚገባ አልታየም ሲሉ ተቃወሙ። በ2005 ደግሞ ክሪስቶፈር ፉትና ክሪስቶፈር ጌትዝ፣ በጥናቱ ተሠርቷል የተባለ አንድ የስታቲስቲክስ ማስተካከያ በስሌቱ ውስጥ አለመግባቱን አገኙ። ከዚህም ሌላ ጥናቱ የታሳሪዎችን ብዛት ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሳያነጻጽር መውሰዱን አመለከቱ። ዶናሂውና ሌቪት ስሕተቱን አምነው ስሌቱን እንደገና ሠሩ፤ ዋናው መደምደሚያ ግን አልተናጋም አሉ። በኋላም እስከ 2014 ያለውን መረጃ መርምረው ይህንኑ አቋማቸውን አጸኑ።

በእንግሊዝና በዌልስ ሕጉ በ1967 ወጥቶ ሳለ፣ በ2008 የታተመ ጥናት በዚያ ግልጽና የማያወላዳ ግንኙነት አላገኘም። ሌሎች አጥኚዎች ደግሞ ከቤንዚን ውስጥ መርዛማው የእርሳስ ማዕድን መወገዱን እንደ ሌላ ምክንያት አቅርበዋል። ክርክሩ እስካሁን እልባት አላገኘም።

3. የሩማኒያ ተሞክሮ

ለትምህርት ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የተገኘው ከሩማኒያ ነው። የቻውሼስኩ መንግሥት በጥቅምት 1966 ባወጣው ድንጋጌ ቁጥር 770 ጽንስ ማስወረድን በድንገት ከለከለ። በ1966 ወደ 274,000 የነበረው ልደት በ1967 ወደ 528,000 አሻቀበ። እነዚህ ሕፃናት ለትምህርት ሲደርሱ ክፍሎች ተጨናነቁ።

ክሪስቲያን ፖፕ ኤለቸስ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ላይ ላዩን ሲታይ የሚያስገርም ውጤት አገኙ፤ ከክልከላው በኋላ የተወለዱት በአማካይ በትምህርት የተሻሉ ነበሩ። ምክንያቱ ግን ከክልከላው በፊት አብዝተው ያስወርዱ የነበሩት የተማሩ የከተማ ሴቶች ስለነበሩ፣ ከእነርሱ የሚወለዱት ልጆች ቁጥር በመጨመሩ ነው። ተመሳሳይ የቤተሰብ ሁኔታ ያላቸው ሲነጻጸሩ፣ ኋላ የተወለዱት በትምህርትም በሥራም ዝቅ ብለው ተገኙ፤ የወንጀል ተሳትፎም እንደጨመረ የሚጠቁም ምልክት ታየ።

4. ማጠቃለያ

የአሜሪካው ውሳኔ በሰኔ 2022 በመሻሩ ጥያቄው እንደገና መነሣቱ አይቀርም። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ ታሪክ የሚያገኙት ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የልደት ቁጥር በድንገት ሲለወጥ ትምህርት ቤቶች ለመዘጋጀት ያላቸው ጊዜ ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ከየትኛው ቤተሰብ እንደመጡም ማጥናት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አንድ አኃዝ ከሌላው ጋር አብሮ ስለወረደ ብቻ መንስኤው ነው አይባልም።

ለመምህሩ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የሚናገሩት ስለ ብዙዎች አማካይ እንጂ በክፍል ውስጥ ስለተቀመጠው አንድ ተማሪ አይደለም። በ1995 በአንድ ትውልድ ላይ የተነገረው ትንቢት ሐሰት ሆኖ ቢገኝም፣ በእርሱ መንፈስ የወጡት ሕግጋት ግን የብዙ ልጆችን ዕጣ ወስነዋል። አንድ ልጅ ተፈልጎም ሆነ ሳይፈለግ ቢወለድ፣ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው እንደ ተማሪ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ደግሞ በከፊል በመምህሩ እጅ ነው።