ቁራኛ

በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፣ አንዳንዴም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። አንዱ የሌላው ቁራኛ ነው። ዛሬ ቃሉ የቀረልን «የአልጋ ቁራኛ» እና «በዓይነ ቁራኛ» ውስጥ ነው።

ፊዚክስ ግን ይፈልገዋል። ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1935 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለትን የቅንጣቶች ትስስር «ጥልፍልፍ» ማለት ይቻላል፤ ለእኔ ግን የተወሳሰበ ክር ያስመስለዋል። «ቁርኝት» ይሻላል።

ቁርኝቱ በምን ይታወቃል? ኩሬ ውስጥ ሁለት ጠጠር የጣለ ልጅ ሞገዶቹ ተገናኝተው እዚህ ሲበረቱ፣ እዚያ ሲጠፋፉ ያያል። ብርሃንም እንዲሁ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ይሠራል። የተቆራኙ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ግን ጉደኞች ናቸው፦ ቁርኝታቸው ሙሉ ከሆነ የአንዱ ወገን መዝገብ ብቻውን መስመር አያሳይም። የሁለቱ መዝገብ ጥንድ በጥንድ ሲመሳከር ነው መስመሩ ብቅ የሚለው። ዳኛም አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

በተቆራኙ ፎቶኖች ሙከራ አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ዛይሊንገር በ2022 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። በፎቶኖቹ መካከል ግን ኩታም ሰንሰለትም የለም፤ ቁርኝቱ ብቻውን መልእክት መላኪያም አይሆንም።