አበባ የሌለበት ማሳ፣ ማር የሌለው ቀፎ፦ የንብ ቀሰም በወለቃና በሰሜን ጎንደር ደጋ

መስከረም ሲጠባ፣ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው ወለቃና በዙሪያው አደይ አበባና መጭ ይፈነዳሉ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የኑግ ማሳ ቢጫ ይለብሳል። ለንብ አናቢው ይህ ወቅት የዓመቱ ዋነኛ የማር ዘመን ነው፤ ማሩም በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ይሁን እንጂ ቀፎው መሙላቱ ወይም ባዶውን መቅረቱ በአብዛኛው የሚወሰነው አደይ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ንቦቹ በክረምቱ ባገኙት ምግብ ነው።

ንብ ከአበባ የምትቀስመው

ንብ ከአበባ ሁለት ዓይነት ምግብ ትቀስማለች። አንደኛው ጣፋጩ ፈሳሽ ነው፤ ጉልበት ይሰጣታል፣ ወደ ማርም ይለወጣል። ሁለተኛው ጽጌ ብናኝ ሲሆን፣ እጮች የሚያድጉበት ገንቢ ምግብ ነው። ጽጌ ብናኝ ሲጠፋ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፤ ሕብረ ንቡ ይሳሳል፣ ለበሽታና ለተባይም ይጋለጣል። ረኀቡ ሲበረታም ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል።

ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ከዚያም ሦስት ሳምንት ገደማ በቀፎ ውስጥ ሥራ ላይ ትቆያለች፤ ለቀሰም የምትሰማራው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ በመስከረም አጋማሽ ከአደይ የምትቀስመው ንብ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ገና እንቁላል ነበረች። በነሐሴ የተራበ ሕብረ ንብ በመስከረም የሚያሰማራው ሠራዊት የለውም።

በአካባቢው ንብ የምትቸገርባቸው ሁለት ወቅቶች አሉ። አንዱ ዝናብና ብርድ ከቀፎ እንዳትወጣ የሚያደርግበት ክረምት ነው። ሌላው ሰብል ከተሰበሰበና ሣሩ ከደረቀ በኋላ ያለው የበጋ ወራት ነው።

አረም የተባለው ምግብ

ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ፍሬ ለመያዝ ንብ አያስፈልጋቸውም፤ የሚቀሰም ጣፋጭ ፈሳሽም የላቸውም። ንብ በእነዚህ ማሳዎች የምትጠቀመው በሰብሉ መካከልና በድንበሩ ላይ ከሚያብቡት ዕፅዋት ነው። አርሶ አደሩ ከእነዚህ ብዙዎቹን አረም ይላቸዋል።

ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ጤፍንና ስንዴን ሳይነካ ቅጠለ ሰፋፊ ዕፅዋትን ያጠፋል። የአረም ጉልበት ለሚያጥረው ገበሬ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ከማሳው አልፎ ድንበሩንና የቦይ ዳሩን ሲያዳርስ፣ ንቧን በቀጥታ ባይገድላት እንኳ ምግቧን ያጠፋባታል።

ጉዳቱ ለአናቢው ብቻ አይደለም። ኑግ በራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጡለት በዋናነት ንቦች ናቸው። ባቄላም ንብ ሲጎበኘው ፍሬው ይሻላል። ለጤፉ ሲባል አበባው የጠፋበት ድንበር፣ በኑጉ ማሳ ምርት ያጓድላል።

ይህ ችግር በሌላውም ዓለም ይታያል። በአውሮፓ እርሻዎች ባምብል ቢ የምትባል ወፍራምና ፀጉራም ንብ አለች፤ በኢትዮጵያ አትገኝም። በእንግሊዝ ሀገር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ጎጆዋ በአበባ በበለጸገ ሥፍራ አቅራቢያ የሆነ ንግሥት ልጆቿ ለቀጣዩ ዓመት የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የእኛም ንብ ብዙውን ጊዜ የምትቀስመው ከቀፎዋ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ነውና፣ በቅርብ ያለው አበባ ወሳኝ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ድንበርን መተው፦ ፀረ አረም የሚረጨው በሰብሉ ላይ ብቻ ቢሆን፣ የማሳ ዳርና የቦይ ጠርዝ መጭን፣ ማገጥንና አደይን ያቆያል። ያልታረሰ ድንበር በመሬት ውስጥ ጎጆዋን ለምትሠራው ጣዝማም መጠለያ ይሆናል።

ቀሰም መትከል፦ ግራዋ፣ ብሳና፣ ወይራና ኮሶ ነባር የንብ ዛፎች ናቸው። ትሪ ሉሰርን ለከብት መኖ ሲተከል ለንብም አበባ ይሰጣል። ባሕር ዛፍ ጥሩ ቀሰም ቢኖረውም ከሥሩ ሌላ ዕፅዋት እምብዛም ስለማይበቅል፣ ብቻውን ከመሆን ከሌሎች ጋር ቢሰባጠር ይመረጣል። የጎንደር ከተማ ነዋሪም በግቢው የሚተክለው አበባ በዙሪያው ላለው ቀፎ ይደርሳል።

በረኀብ ወቅት መመገብ፦ ማር ሲቆረጥ ለንቦቹ የሚበቃ ስንቅ መተው ይገባል። በችግር ጊዜ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውኃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ መስጠት ይቻላል። ስኳር ጽጌ ብናኝን ስለማይተካ፣ በሶ ወይም ጨውና ቅመም ያልገባበት የባቄላ ሽሮ በተጨማሪ ይቀርባል። የሌላ ቀፎ ንቦች እንዳይዘርፉት ምግቡ አመሻሽ ላይ ቢሰጥ ይሻላል።

በጥንቃቄ መርጨት፦ ፀረ ተባይ ንብን በቀጥታ ይገድላል። ያበበ ሰብል ሊረጭ አይገባም። ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፎ ከተመለሱ በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ከአንድ ቀን በፊት ለጎረቤት አናቢ መንገርም ቀፎውን እንዲያርቅ ወይም እንዲከልል ጊዜ ይሰጠዋል።

ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002ም ወጥቷል። ነገር ግን የድንበሩን አበባ የሚያቆየው ወይም የሚያጠፋው፣ በክረምት መርጫ ተሸክሞ ማሳው ላይ የሚቆመው አርሶ አደር ነው። በነሐሴ ለንቧ የተተወው ድንበር በኅዳር በማርና በኑግ ይከፍላል።