የወንጌሉ ኅዳግ

ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ዲጂታል ቤተ መዛግብት ሲወራ ቀድሞ የሚጠራው ስመ ጥሩው መጽሐፍ ነው፤ ጥንታዊው ወንጌል፣ መጽሐፈ ሄኖክ፣ የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ባለ ሥዕሉ ተአምረ ማርያም። እነዚህ ግን ፎቶ ባይነሡም ጠያቂ አያጡም፤ ምሁሩም ሰብሳቢውም ሲፈልጓቸው ኖረዋል። በሚኒሶታና በሃምቡርግ የተከማቸው የኢትዮጵያ ብራና ምስል ከሁሉ የበለጠ ውለታ የዋለው ማንም ፈልጎት ላልሄደው ጽሑፍ ነው፦ በወንጌልና በድርሳን ኅዳግ፣ በመጨረሻዎቹ ባዶ ቅጠሎችም ላይ ለሰፈረው የርስት ሽያጭ፣ የጉልት ስጦታ፣ የዋስትና ቃልና የዕቃ ቤት ዝርዝር። የዚህ ጽሑፍ ምስል የተረፈልን ካሜራው ሳይመርጥ፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅጠል በቅጠል ስላነሣ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። በዛሬዋ ኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ የደብረ ሊባኖስ ዘሺመዛና የወርቅ ወንጌል የንጉሥ ላሊበላን የመሬት ስጦታ መዝግቦ ይዟል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አበ ምኔቱ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌልም ከአራቱ ወንጌላውያን ጋር የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር አቅፏል፤ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበ ምኔቶች ተራ ያቀኑት በዚሁ ወንጌል ማስታወሻዎች ተደግፈው ነው። ቤተ መንግሥቱ በድንኳን ሲዘዋወር በኖረበት ዘመን ከቦታው የማይነቃነቅ መዝገብ ቤት ቢኖር ደብሩ ነበር። ወንጌል ደግሞ የሚማልበት፣ ሲወጣና ሲገባ የሚሰገድለት መጽሐፍ ነው፤ በእሱ ላይ የተጻፈውን ቃል የሚያፈርስ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ተወግዟል። በጎንደር ዘመን ጽሑፉ እየተዘረዘረ ሄደ፤ ሻጭና ገዢ፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋ፣ ዋሱ፣ እማኞቹ፣ በጊዜው የነበሩት ሹማምንት በስም ይጠራሉ። ዋናው መጽሐፍ በግዕዝ ጸንቶ ሳለ ኅዳጉ ወደ አማርኛ ያጋድላል፤ የቆየ አማርኛን የሚያጠና ሰው ከነዚህ ውሎች የተሻለ ምስክር በቀላሉ አያገኝም፤ ብዙዎቹ ዘመናቸው የታወቀ ነውና።

ኅዳጉ ምን ያህል እንደሚናገር በሰፊው ያሳዩት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክረሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት የክርስቲያናዊው መንግሥት የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ ከዋና ምንጮቹ አንዱ ይኸው የኅዳግ ማስታወሻ ነው። ዜና መዋዕሉ ንጉሡ ወዴት እንደ ዘመተ ይነግረናል፤ ኅዳጉ በጎንደር ሴቶች ርስት ይገዙና ይሸጡ፣ ይወርሱም እንደነበር ይነግረናል። ከነዚህ ማስታወሻዎች ከፊሉ የሚነበበው ለንደን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተሻገሩ። ዘማቹ የወሰደው የጸሎት መጽሐፍና የታሪክ መጽሐፍ መስሎት ነበር። ጎንደር ግን በዚያው የውል ማኅደሯን፣ ማን ከማን ምን እንደገዛ ከሚመሰክርላት ጽሑፍ ከፊሉን ተነጠቀች።

በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሴንት ጆንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1965 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት የጀመሩት የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት በሌላ ጦርነት እንዳይነዱ ሰግተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ መንግሥት ከእነሱ ጋር ተባብረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። ከመቅደላው ዘመን ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ መጽሐፉ ለባለቤቱ ይቀራል፣ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀመጣል፣ ሌላው ወደ ኮሌጅቪል ይሄዳል። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ፣ በየወንጌሉ ኅዳግ ለዘመናት የተከማቸው የርስትና የጉልት ማስረጃ በአንድ ቀን ሕጋዊ ጉልበቱን አጣ። ሙግት የማይረታበት ማስረጃ ጠባቂውን ያጣል፤ ባዶው ቅጠል ተቆርጦ ለክታብ ቢውል ወይም መጽሐፉ ሲጠረዝ ቢጣል አቤት የሚል ባለ ርስት የለም። ቀረጻው በዚያው ዘመን ቀጥሎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አዳረሰ። ማንም እንዲህ ብሎ አላቀደውም፤ ሆኖም ውሎቹ ከፍርድ ሸንጎ ወደ ታሪክ በተሻገሩበት ሰዓት ካሜራው እዚያው ነበር።

ይህን ዓይነቱን ቀረጻ የሚቃወሙ ሰዎች ቀላል ነገር አያነሡም። ምስል መጽሐፍ አይደለም ይላሉ፤ እውነት ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም የጌታን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም የለየውን ቀይ ቀለም አደብዝዞታል፤ የቆዳው ውፍረት፣ የስፌቱ ዓይነት፣ የፋቂው እጅ በፊልም አይዳሰስም። ለኅዳጉ ጽሑፍ ግን ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ከውል የሚፈለገው ስሙ፣ ዋጋውና ዘመኑ ነውና። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። የአጥቢያው ካህን የራሱን ደብር ወንጌል በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ፈቃድና መለያ ቁጥር መፈለጉ ያሳዝናል፣ ሊያሳዝንም ይገባል። መፍትሔው ምስሉን መዝጋት አይደለም፤ ቅጂው ለደብሩና ለሀገረ ስብከቱ መድረስ አለበት። መጽሐፉ ያለበትን ቦታ ማሳወቅ ሌባ ይጋብዛል የሚለውን ስጋትም አከብራለሁ። ነገር ግን የተሰረቀ መጽሐፍ ገበያ ላይ ሲወጣ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው የተመዘገበው ምስል ነው፤ የደብሩን ስም የያዘው የኅዳግ ጽሑፍ ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ ቀድሞ ይመሰክራል። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ያነሷቸው የብራና ምስሎች በትግራይ ከተካሄደው ጦርነት ወዲህ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም። የአስማት ጸሎት ግን ይለያል፤ ባለቤቱ በምስጢር የያዘውን ክታብ ለዓለም መዘርጋት ትክክል አይመስለኝም፤ እዚያ ላይ ተቃዋሚዎቹ ረትተዋል።

ያለ ምርጫ የማስቀመጥ ጥቅም በብራና ብቻ አይወሰንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ትምህርት ክፍል የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በመጨረሻቸው ቃላቸውን የሰጡ ሽማግሌዎችን ስም፣ ዕድሜና ቦታ ይዘረዝራሉ። ተማሪው ያንን ዝርዝር የሚጽፈው ደንብ ስለሆነ ነው። ዛሬ የተማሪው መደምደሚያ ቢያረጅም፣ በየትኛው ወረዳ ማን ምን ያውቅ እንደነበር የሚነግረን ያ ዝርዝር አላረጀም። ጽሑፎቹ ወደ ዲጂታል ሲለወጡ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቆርጦ ቦታ መቆጠብ ትልቅ ጥፋት ይሆናል።

ሁሉን ማስቀመጥ ክምር ያበዛል፣ ማንም አያነበውም የሚለው ግን በቀጥታ የእኔን ክርክር ይነካል፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ፎቶ ብቻውን ማስታወሻውን አያናግርም። የኮሌጅቪልን ፊልሞች ያናገረው የሰው ድካም ነው፤ በተለይ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው አካላቸው ከተጎዳ በኋላ ከአገር ወጡ፤ ከዚያም በሚኒሶታ ለአሥርት ዓመታት ብራና ሲያነቡና ሲመዘግቡ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። የእሳቸውና የዊልያም ማኮምበር ካታሎጎች ዋናውን ድርሰት ጠቅሰው አያልፉም፤ በየትኛው ቅጠል ምን ዓይነት ማስታወሻ እንዳለ ያመለክታሉ። በሃምቡርግ የሚዘጋጀው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ዲጂታል ማውጫም ተጨማሪ ጽሑፎችን ለብቻ ይመዘግባል። የቀረው ሥራ ውሎቹን ሙሉ ቃላቸውን ገልብጦ ከቦታቸው ጋር ማገናኘት ነው። ውሉ የሚጠራውን ወንዝ፣ አምባና መንደር የሚያውቁት የአጥቢያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምስሉ ደግሞ ዛሬ በስልክ ይከፈታል። የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ግዕዝ የሚያውቁ ተማሪዎችን ከደብሮቹ ሊቃውንት ጋር አቀናጅተው ይህንን ቢጀምሩ፣ የአንድ ሰበካ የመሬት ታሪክ በአካባቢው ሰው እጅ ሊጻፍ ይችላል።