በወረርሽኝ ጊዜ የአስታማሚው ሐቅ፦ ከዐምዋስ እስከ አሶሳ

ወረርሽኝን የሚመለከተው የታወቀው ነቢያዊ ሐዲስ ሁለት ትእዛዞችን ይዟል። በሽታው ወደ ተነሣበት አገር መግባትን ይከለክላል፤ ከዚያ አገር ሸሽቶ መውጣትንም ይከለክላል። ይህን ሐዲስ በመድረሳዎቻችን ደጋግመን አስተምረናል። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜም ብዙዎቻችን የተመለስነው ወደ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ቆሞ የሚታይ፣ በትምህርታችን ግን እምብዛም የማናወሳው አንድ ሰው አለ። እርሱም ሥራው ራሱ ወደ ሕመምተኛው እንዲገባ የሚያስገድደው ነው፤ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ ጀናዛ አጣቢው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሐቅ እንመረምራለን። ስንመረምርም የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልንና የአሶሳን ሁኔታ ከፊታችን አድርገን ነው።

የዐምዋስ ትምህርት

በ18 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 639) በሻም ምድር የዐምዋስ ወረርሽኝ በተነሣበት ወቅት ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደዚያ ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ደረሱ። የጦር አዛዦቹ በአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀርራሕ (ረ.ዐ.) መሪነት ተቀብለው ዜናውን ነገሯቸው። ዑመር በመጀመሪያ ሙሃጂሮችን፣ ቀጥሎም አንሷሮችን አማከሩ፤ ሁለቱም ወገኖች በሐሳብ ተለያዩ። የቁረይሽ ሽማግሌዎች ግን በአንድ ድምፅ መመለስ ይሻላል አሉ። መመለሱ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን አቡ ዑበይዳ በጠየቁ ጊዜ፣ ዑመር ነገሩ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄድ እንደሆነ መለሱላቸው። ኋላም ዐብዱርራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ሐዲሱን ነገሯቸው፤ ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው የታሪኩ ክፍል ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። አቡ ዑበይዳ ሠራዊታቸውን ትተው አልወጡም፤ በበሽታው ሞቱ። የተኳቸው ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም (ረ.ዐ.) እንዲሁ ሞቱ። ቀጥለው አመራሩን የያዙት ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ሕዝቡን ወደ ተራሮች በትነው አሰፈሩ፤ በሽታውም ረገበ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ዑመር ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቃወሙም። ከሕዝብ ጋር መጽናት የእነዚያን ታላላቅ ሰዎች ክብር ያሳያል፤ የመጠበቂያውን ሰበብ ማድረስም የዚያው ሃይማኖት ሥራ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

የሊቃውንቱ ምስክርነት

በኋለኞቹ ዘመናት ዑለማ በበሽታ መተላለፍ ጉዳይ ተለያይተዋል። አንደኛው ወገን መተላለፍን የሚያስተባብለውን ሐዲስ ሲይዝ፣ ሌላው የታመመ ከብት ከጤነኛው ጋር እንዳይቀላቀል የሚያዘውን ሐዲስ ጠቀሰ። የግራናዳው ሐኪምና ጸሐፊ ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ (በ776 ዓ.ሂ. የሞቱ) በታላቁ ወረርሽኝ ዘመን በጻፉት መጽሐፍ፣ ከሕመምተኛ ጋር የተቀላቀለ እንደሚታመም፣ የተለየ እንደሚድን፣ ልብስና ዕቃም በሽታን እንደሚያሻግሩ በልምድና በእማኝነት የተረጋገጠ መሆኑን ተከራከሩ። ሦስት ሴት ልጆቻቸውን በወረርሽኝ ያጡት ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒም በ833 ዓ.ሂ. በካይሮ የሆነውን መዝግበዋል። ሕዝቡ ለዱዓ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት በቀን ከ40 በታች የነበረው ሞት፣ ከወጣ በኋላ ወር ሳይሞላ በቀን ከ1,000 አልፏል። ኢብኑ ሐጀር የመተላለፍን ሐሳብ ባይቀበሉም ያዩትን ከመጻፍ አልተቆጠቡም። ለመምህራንና ለኢማሞች ይህ ታማኝነት ራሱ ትምህርት ነው።

ሆስፒታሉ የበሽታ በር ሲሆን

አስታማሚ ሳይጠበቅ ሲቀር ጉዳቱ በእርሱ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1976 ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነው ምድር፣ በንዛራና በማሪዲ፣ የኢቦላ በሽታ 284 ሰዎችን ይዞ 151ዱን ገደለ። ከማሪዲ ሆስፒታል 230 ሠራተኞች 76ቱ ታመሙ፤ 41ዱ ሞቱ። በሽታው በዚያች ከተማ በስፋት የተዛመተው በሆስፒታሉ በኩል ነበር። ሕመምተኞችን ለይቶ ማቆየትና መከላከያ ልብስ መልበስ ሲጀመር መተላለፉ ቀነሰ።

ከ38 ዓመታት በኋላ ታሪኩ በምዕራብ አፍሪካ ተደገመ። በሴራሊዮን የኬኔማ ሆስፒታል ሕመምተኞችን ሲያክሙ የነበሩት ዶክተር ሼክ ዑመር ኻን በሐምሌ 2006 ዓ.ም. በዚያው በሽታ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የጤና ሠራተኛው በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ጎልማሳ ሕዝብ ከ21 እስከ 32 እጥፍ እንደሚበልጥ አስታወቀ። አገራችንም ለአፍሪካ ኅብረት ጥሪ ምላሽ 187 የጤና ባለሙያዎችን ወደዚያ ላከች። በዚያው ወረርሽኝ ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተመክሮበት በወጣው የቀብር መመሪያ፣ ሙስሊም ሟች በውሃ ከመታጠብ ይልቅ ተየሙም እንዲደረግለት ተፈቀደ። የሟቹ ክብር አልቀረም፤ አጣቢውም አልሞተም።

አሶሳ በድንበር ላይ

ቤኒሻንጉል ከሱዳን ጋር በንግድ፣ በዝምድናና በዒልም የተሳሰረ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተፈረመው የድንበር ውል መስመሩን ቢያሰምርም መንገዱን አልዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1959 በሱዳን በኩል በኩርሙክ አካባቢ ቢጫ ወባ ተነሣ። ከዚያ ቀጥሎ፣ ከ1960 እስከ 1962፣ ያው በሽታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 30,000 ያህል ሰዎችን እንደፈጀ ይገመታል። የሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የባምባሲው በ2012 ተከፈቱ። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣም ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ገቡ።

እነዚህን ሰዎች በቅድሚያ የሚቀበላቸው በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ ናቸው። መጠበቂያቸውም እንደ በሽታው ይለያያል። ቢጫ ወባ የሚተላለፈው በትንኝ ስለሆነ ክትባትና አጎበር ያሻዋል። ኮሌራ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙናና ክሎሪን ይፈልጋል። በትንፋሽ የሚተላለፈው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል፣ በደምና በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፈው ደግሞ ጓንት፣ ጋውንና የዓይን መከላከያ ይሻል።

ማጠቃለያ

በወረርሽኝ የሞተ ምእመን የሸሂድ ምንዳ እንዳለው በሐዲስ ተነግሯል። ይህ ቃል የሟች ቤተሰብን ያጽናናል። ነገር ግን ለነርሷ ጓንት ላለማቅረብ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። ወደ ሞት እንድትገባ የምንጠይቃትን ሰው ባዶ እጇን ልከን በሸሂድነቷ ብንጽናና፣ የአላህን ችሮታ የእኛ ቸልተኝነት መሸፈኛ አደረግነው ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የዐምዋስ ሐዲስ ሲነበብ የዐምር ኢብኑል ዓስ ሥራ አብሮ ይነገር። ሁለተኛ፣ ጀናዛ አጣቢዎች እንደ ጤና ሠራተኛ ይቆጠሩ፤ በሽታው ሳይመጣ ይሠልጥኑ፤ ተየሙም መቼ እንደሚበቃ ኢማሙ አስቀድሞ ያስተምራቸው። ሦስተኛ፣ የጥንቶቹ ቢማሪስታኖች በወቅፍ ይተዳደሩ እንደነበር እናስታውስ። የአንድ መስጊድ ሰደቃ ለአቅራቢያው ጤና ኬላ ሳሙናና ጓንት ለመግዛት አያንስም። አስታማሚውን የጠበቀ ጀመዓ የሚጠብቀው ከእርሱ በኋላ አልጋ ላይ የሚተኛውን ሕመምተኛ ጭምር ነው።