ዜና ወለተ ጴጥሮስ፣ የጣና እመ ምኔት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን። በእግዚአብሔር ረዳትነት የእናታችንን የወለተ ጴጥሮስን ዜና እንጽፋለን። እርሷ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ሊቃውንቱ በተከፈሉበትና መኳንንቱ ለንጉሡ ቃል ባደሩበት ወራት፣ የአባቶቿን ሃይማኖት በአደባባይ የመሰከረች፣ ስለዚህም የተከሰሰችና የተሰደደች፣ በኋላም በጣና ዙሪያ ለብዙ ሕዝብ እናት የሆነች ናት። ዜናዋን ያቆየልን አባ ገላውዴዎስ ነው። እርሱም በ1665 ዓ.ም.፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ያዩዋትና ያገለገሏት የነገሩትን ሰብስቦ ገድሏን በግእዝ ጻፈ።

ነገሩ ከሥሩ ይታወቅ ዘንድ ከእርሷ በፊት ስለነበሩት ሴቶች ጥቂት እንበል። ንግሥት እሌኒ ገራድ የሚባለው የሐድያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። በጎጃም መርጡለ ማርያምን አሠራች፤ በመጽሐፍ ዕውቀቷና በምክሯም በብዙ ነገሥታት ፊት ተከበረች። ልብነ ድንግል ሕፃን ሳለ እንደራሴ ሆና መንግሥቱን ስትጠብቅ፣ የሚመጣውን መከራ አስቀድማ አይታ ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። የፈራችውም አልቀረ፤ የግራኝ ጦርነት አገሩን አጠፋ። በ1533 ዓ.ም. 400 የፖርቱጋል ወታደሮች በክሪስቶቮ ደጋማ መሪነት መጡ፤ የልብነ ድንግል ባለቤት ንግሥት ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርዳ ተቀበለቻቸው። ልጇ ዐፄ ገላውዴዎስም በ1535 ዓ.ም. ድል አደረገ።

ከወታደሮቹ በኋላ ግን ኢየሱሳውያን ካህናት መጡ፤ ኢትዮጵያን ወደ ሮማ ሃይማኖት ለማግባት ደከሙ። ገላውዴዎስና ከእርሱ በኋላ የነገሡት አልተቀበሏቸውም። በ1595 ዓ.ም. የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ ግን ብልህ ሰው ነበር፤ ግእዙንም አማርኛውንም ተማረ፣ የነገሥታቱንም ልብ አገኘ። ሱስንዮስም በነገሠ ጊዜ ወደ እርሱ ትምህርት አዘነበለ።

ወደ ቀደመ ነገራችን እንመለስ። ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕብያ ይባላሉ፤ ወገኖቿም በንጉሥ ቤት የከበሩ ነበሩ። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከሱስንዮስ ታላላቅ መኳንንት አንዱ ለሆነው ለመልክአ ክርስቶስ ዳሯት። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። እርሷም በእያንዳንዱ ፅንስ ጊዜ፣ ልጁ እግዚአብሔርን የሚያስደስት ካልሆነ በሕፃንነቱ ይወስደው ዘንድ ትለምን ነበር ይላል ገድሏ። ከዚህ ወዲያ ልቧ ከዓለም ተለየ። በጾምና በጸሎት ተጠመደች፤ ለድኆች ምግብ ትሰጥ፣ መነኮሳትን ትቀበል ነበር።

አንድ ጊዜ የጣና መነኮሳት ረድተዋት ከባሏ ቤት በሌሊት ወጣች። መልክአ ክርስቶስም በሰማ ጊዜ ጭፍራ ይዞ ተከተለ፤ የተሸሸገችበትን አገር አስዘረፈ። ድኃው በእርሷ ምክንያት ሲጨነቅ ባየች ጊዜ፣ ሕዝቡ ከሚጠፋ እኔ ልመለስ ብላ ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች።

በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ ስለ ሃይማኖት ዐመፀ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋር ቆሙ። በጦርነቱ ዮልዮስ ሞተ፣ አቡኑም ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በዚህ ነገር እጁ እንዳለበትና የተገደሉት አባት ልብስ ወደ እርሱ እንደገባ ሰማች። ያን ጊዜ በአንድ ማዕድ መብላቱም፣ በአንድ ጣራ ሥር ማደሩም አስጠላት። ከእህል ተከለከለች፤ የወይዘሮነት ጌጧን ጣለች፤ ሰውነቷም ከሳ። መልክአ ክርስቶስ በማባበልም በቁጣም እንደማይመልሳት ባየ ጊዜ ለቀቃት። በዚያው ወራት ራሷን ተላጭታ መነኮሰች፤ ዕድሜዋም 25 ገደማ ነበር።

በዚህም ወራት ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ተገናኘች። እኅተ ክርስቶስም ባሏንና ቤቷን ትታ የመነነች ነበረች። ገድሉ እንደሚለው ሁለቱ ገና ከሩቅ በተያዩ ጊዜ ፍቅር በልባቸው አደረ፤ ከዚያም እስከ ሞት ድረስ አብረው ኖሩ። የመኳንንት ልጅ የነበረችው ወለተ ጴጥሮስ በዚያ ወራት እንስራ ተሸክማ ውኃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች፣ ወፍጮ ላይ ተደፍታ እህል ፈጨች። ቀድሞ አገልጋዮች የሠሩላትን ሥራ በገዛ እጇ ሠራችው፤ ማንም እንዲሠራላት አልወደደችም።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በአደባባይ ተቀበለ። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ከሮማ የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንስ ሜንዴዝ በደንቀዝ በተቀመጠ ጊዜ ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ተንበርክከው መሐላ ገቡ። ሜንዴዝም ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀር አዘዘ። አገሩ ታወከ፤ አባት ከልጅ፣ ባል ከሚስት ተለያየ።

ወለተ ጴጥሮስ ግን ዝም አላለችም። ከቦታ ቦታ እየዞረች፣ የተለወጠውን ሃይማኖት አትቀበሉ፣ የካደውን ንጉሥ ስም በቅዳሴ አትጥሩ እያለች አስተማረች። ይህ ቃል ለንጉሡ ከሠራዊት ዐመፅ የማይተናነስ ነበር፤ በቅዳሴ ስሙ ያልተጠራ ንጉሥ በሕዝቡ ዘንድ ምን ክብር ይቀረዋል? ስለዚህ ይዛችሁ አምጧት አለ። መኳንንቱ በተሰበሰቡበት አደባባይ አቁመው በንጉሡ ላይ ዐመፅሽ ብለው ከሰሷት። እርሷ ግን በሃይማኖቷ ጸንታ ቆመች። ሞት ሊፈረድባት ሲል ዘመዶቿና መልክአ ክርስቶስ ማልደው አዳኗት።

ከዚያም ወደ ዋልድባ ሄደች። ያ ገዳም የእህል ዘር የማይቀመስበት፣ መነኮሳቱ ቋርፍ የሚባለውን ምግብ እየበሉ የሚኖሩበት በረሃ ነው። ከዚያም ወደ ጸለምት አለፈች፤ በደረሰችበትም ሁሉ ማስተማሯን አልተወችም። ንጉሡም ሁለተኛ አስያዛት። በዚህ ጊዜ መልክአ ክርስቶስ፣ ከመገደሏ በፊት ፓትርያርኩ ይምከራት ብሎ አማለደ። ሜንዴዝም በየቅዳሜው እያስመጣ የሮማን ትምህርት አስተማራት፤ መጽሐፍ ገለጠላት፣ ተከራከራት። በመጨረሻ ግን ደክሞ ተዋት። ንጉሡ ሊገድላት ወደደ፤ አማካሪዎቹም፣ ብትገድላት ሕዝቡ ሁሉ በሞቷ ይከተላታል አሉት። ስለዚህ ዠባይ ወደሚባለው፣ ሙቀቱ ወደበረታ የምዕራብ ቆላ ሰደዳት።

በዠባይ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። ጠባቂዋ በመጀመሪያ ክፉ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ትዕግሥቷ አሸነፈው። እኅተ ክርስቶስም መንገዱ ሳያስፈራት መጣች፤ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ወንዶችና ሴቶችም ወደ እርሷ ተሰበሰቡ። ንጉሡ ብቻዋን ትቀር ዘንድ በሰደዳት ስፍራ የመጀመሪያው ማኅበሯ ተመሠረተ። ገድሏ ሰባት ማኅበራት እንደመሠረተች ይቆጥራል፤ ከእነርሱም መካከል ዠባይ፣ ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌና አፈር ፈረስ ይገኛሉ።

በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ታላቅ ጦርነት ሆነ። ስሙ ከወለተ ጴጥሮስ ባል ስም ጋር አንድ የሆነው የላስታው መልክአ ክርስቶስ የገበሬ ሠራዊት ይዞ ወረደ፤ ሱስንዮስም ድል አደረገው። በሜዳው ላይ 8,000 ያህል ሰው ወደቀ። የንጉሡ ሰዎች ግን በዚህ ድል አልተደሰቱም፤ የወደቁት ሁሉ ክርስቲያን ወንድሞቻቸው ነበሩና። ሱስንዮስም ልቡ ተሰበረ። በሰኔ ወር የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀ፤ ልጁን ፋሲለደስንም አነገሠ። በተከታዩ መስከረም ሞቶ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ። ፋሲለደስም ሜንዴዝንና ባልንጀሮቹን ከአገር አስወጣ።

ከዚህ በኋላ ወለተ ጴጥሮስ በጣና ዙሪያ ተቀመጠች። በደንገል ታንኳ ከደሴት ወደ ደሴት እየተሻገረች፣ ማዕበሉንና ጉማሬውን ሳትፈራ ማኅበሮቿን ትጎበኝ ነበር። ሀብታምም ድኃም፣ ወይዘሮም አገልጋይም ወደ እርሷ ገቡ፤ ሁሉም ከአንድ ማዕድ በሉ፣ የግል ገንዘብ አልነበራቸውም። ሥርዓቷ ጥብቅ ነበር፤ የታመመውን ግን እንደ እናት ታስታምም ነበር።

ሥልጣኗ በጸና ጊዜ ከሊቃውንቱ አንዳንዶቹ ቀኑባት። ሴት ልጅ መሪና መምህር ትሆን ዘንድ የፈቀደ መጽሐፍ የት አለ ብለው ጠየቁ። መምህሩ አባ ፈትለ ሥላሴ በዚያ ነበሩ። እርሳቸውም ሊቃውንቱን ወቀሱ፤ እኛ በተበላሸን ጊዜ እግዚአብሔር ሹመታችንን ከእኛ ወስዶ ለእርሷ ሰጠ፣ ያስነሣትም እኛን ሊገሥጽባት ነው የሚል መልስ ሰጡ። ይህን መልስ የተቃወመ አልተገኘም፤ በስደቱ ዘመን ማን እንደ ጸናና ማን ዝም እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

በመጨረሻም በጽኑ ታመመች፤ ሦስት ወርም ተኛች። ማኅበሩን ለእኅተ ክርስቶስ አደራ ሰጥታ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች፤ ዕድሜዋ 50፣ ከመነኮሰች 26 ዓመት ነበር። በጣና ሬማ ደሴት በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። እኅተ ክርስቶስም እመ ምኔት ሆና ማኅበሩን መራች፤ በ1641 ዓ.ም. አረፈች። ፋሲለደስም ለወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ በጣና ምሥራቅ ዳር በቆራጣ ርስት ሰጠ። ቆራጣም ለብዙ ዘመን መማጸኛ ሆነች፤ የንጉሥ ቁጣ የወረደበት ሰው ወደዚያ ሸሽቶ በስሟ ይድን ነበር።

የወለተ ጴጥሮስ ዜና እዚህ ላይ ተፈጸመ። ይህን የምታነቡ ሁሉ አትርሱ፤ ሃይማኖቱ የተመለሰው በወይና ደጋ በፈሰሰው ደም ብቻ አይደለም፤ በየቤቱና በየገዳሙ አንለወጥም ባሉ ሴቶችም ጽናት ነው። ዛሬ ልጆቻችንን ስለ ዐፄ ሱስንዮስና ስለ ዐፄ ፋሲለደስ ስናስተምር፣ ንጉሡን በአደባባይ የተቃወመችውን እናትም በዚያው ገጽ እንጻፍላቸው። ገድሏ በእጃችን አለ፤ ለሴት ልጆቻችን እናንብብላቸው፤ ወንዶቹም ይስሙ።