ከቀላድ እስከ ደብተር፤ መሬትን በፈቃድ ስለማስመዝገብ

እንደሚታወቀው እድራችን የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ከተነሣና ወንበሩ ወደ ዕቃ ቤት ከተመለሰ በኋላ በሟቹ ቤት የሚቀረው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ካርታው በማን ስም ነው?» የሚል መሆኑን እኛ አባሎች በየለቅሶው የምናየው ነው። ስለዚህ የመሬት መዝገብ በአገራችን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ባጭሩ ማውሳት ተገቢ መስሎናል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር መሬቱ በንጉሥ ስጦታ የሚያዝ ነበር። ሰጪው ሲፈልግ ይነሣዋል። ዐፄ ምኒልክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ባወጡት ደንብ ግን የከተማው ባለ ይዞታ በወረቀት ተረጋግጦለት መሸጥ፣ ማውረስና በዋስትና ማስያዝ እንዲችል ሆነ። የአቢሲኒያ ባንክ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1898 ዓ.ም. መከፈቱ እንዲያው አጋጣሚ ብቻ አይመስለንም፤ ያለ መያዣ የሚያበድር ባንክ የለማ!

በገጠር ነገሩ ሌላ ነበር። በደቡብ ቀላድ የሚባለው ገመድ ሲጣል መሬቱ በጋሻ እየተለካ (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው) ለመንግሥት፣ ለሹማምንትና ለባላባት ተከፈለ፤ አራሹም ጭሰኛ ሆነ። እንግዲህ ለብዙው ሰው ገመድ ማለት መነጠቅ ማለት ነበር። የርስት አገር የሆነው የጎጃም ሕዝብ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ፣ ልኬታው ርስቱን ያስወስደኛል የሚል ሥጋት ነበረው። ይህን ብዙዎች አለማወቅ ነው ይሉታል። እኛ ግን በዚያ ጊዜ የታየውን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም እንላለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1553 ጀምሮ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፣ ያው ሕግ ራሱ በቁጥር 3363 ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ለሌላ ትእዛዝ አቆየው። ቁጥር 1195 ግን ጠቃሚ ነገር አለው፤ ከአስተዳደር ክፍል የተሰጠ የባለቤትነት ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ባለሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ማስረዳቱ በተከራካሪው ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የገጠሩ፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማው መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ ዜጋ የሚያስመዘግበው የቤቱን ባለቤትነትና የመሬቱን ይዞታ ነው።

ገመዱ እንደገና የመጣው በ1990 ዓ.ም. ግድም በትግራይ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ነው። ታዲያ በዚህኛው ጊዜ ገበሬው ለምን አላመፀም? አንደኛ ነገር፣ ልኬታውን የሚመራው ከራሱ ከቀበሌው ሰው የተመረጠ ኮሚቴ ነበር፤ ጎረቤትም ወሰኑ ላይ ቆሞ ይመሰክራል። ወጪውም ለአንድ ማሳ አንድ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ቢሆን ነው። በአማራ ደግሞ የ1989ኙ ድልድል ገና ከልብ ስላልወጣ፣ ዳግመኛ እንዳይነካ ወረቀት የሚፈልገው ብዙ ነበር። ደብተር ያገኘው ሰው እርከን ለመሥራት፣ መሬቱንም ለማከራየት እንደደፈረ ጥናቶች አሳይተዋል። ከሁሉ በላይ እኛን የሚነካን ግን በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ላይ መሥፈሩ ነው። ባል ሲሞት ሚስት «የት ነበርሽ?» አትባልማ።

በፈቃድ ማስመዝገብ ሁልጊዜ ይሠምራል ማለት አይደለም። እንግሊዞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 የፈቃድ መዝገብ ቢከፍቱ ወሰንን በትክክል አሳዩ ስለሚል ጎረቤት ከጎረቤት እያጣላ ጥቂት ሰው ብቻ መጣ፤ በኋላ በ1897 ሕግ ለለንደን ግዴታ አደረጉት።

በእኛም ከተሞች አዋጅ ቁጥር 818/2006 ምዝገባው በሁለት መንገድ እንዲሄድ ደነገገ፤ መንግሥት ሰፈር በሰፈር እየመጣ የሚያካሂደው አለ፣ ባለይዞታው ራሱ ሲያመለክት የሚደረግም አለ። ተራ ከመጠበቅ ይልቅ ሁለተኛውን የምናስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው፦ ወሰኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ፤ ባልና ሚስትም አብረው ቀርበው ይፈርማሉ። ሰው ከሞተ በኋላ ግን ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ ከዚያም ስመ ሀብት ማዛወር ይመጣል። ካርታው በአያት ስም እንዳለ ከቆየ ደግሞ አራት የነበሩት ወራሾች በልጅ ልጅ ጊዜ ሃያ ይሆናሉ፤ ከሃያው አንዱ ውጭ አገር ሆኖ ውክልና እስኪልክ ቤቱ አይሸጥም፣ አይታደስም።