ከቻይና መንገድ እስከ ብሪክስ፦ በዓለም የኢኮኖሚ አስተዳደር የድምፅ ጉዳይ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልዲያ የሚደርሰውን መንገድ ሕዝቡ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ጎብኝተው ከሊቀ መንበር ማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ፣ ቻይና በሰጠችው ወለድ አልባ ብድር ተሠርቶ በደርግ ዘመን የተጠናቀቀ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ ቻይና ራሷ ከድሆቹ አገሮች ተርታ ነበረች። የቤጂንግ መንግሥት በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የቻይናን ወንበር የተረከበው እንኳ በ1972 ዓ.ም. ነው።

የፎገራ ሩዝም ታሪኩ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ከጅግናና ከሻጋ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሩዝ ዘርተው ሞከሩ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት፣ ለሌላ ሰብል አስቸጋሪ የነበረው ሜዳ ለሩዝ ተስማማ። የአምራቾች ማኅበራቱ በደርግ መጨረሻ ቢፈርሱም ዘሩ በአርሶ አደሩ እጅ ቀረ። ከዝርያዎቹ አንዱ ዛሬም «ኤክስ ጅግና» በሚል ስም ይታወቃል።

ከመንገዱ ታሪክ እንደምንረዳው የፎገራ ሕዝብ ከአዳዲሶቹ የኢኮኖሚ ኃይሎች ከአንዷ ጋር የተዋወቀው «ብሪክስ» የሚለው ስም ከመሰማቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። የዓለም ኢኮኖሚ የሚመራበት ደንብ የተጻፈው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነበር።

የብሬተን ዉድስ ውርስ

በ1936 ዓ.ም. ክረምት የ44 አገሮች ልዑካን በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ ተሰብስበው የገንዘብ ድርጅቱንና የዓለም ባንክን ለማቋቋም ተስማሙ። ከአፍሪካ የተገኙት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። የኢትዮጵያን ልዑካን የመሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ናቸው። ስለዚህ አገራችን በኋላ የመጣች እንግዳ ሳትሆን መሥራች አባል ናት።

ይሁን እንጂ መሥራች መሆንና ድምፅ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በገንዘብ ድርጅቱ ድምፅ የሚለካው በዋናነት በመዋጮ ነው። በምሥረታው ጊዜ ለኢትዮጵያ የተመደበው መዋጮ 6 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የአሜሪካ 2 ቢሊዮን 750 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዛሬም አሜሪካ ከመቶ 16 የሚበልጥ ድምፅ አላት። ዋና ዋና ውሳኔዎች ከመቶ 85 ድምፅ ስለሚጠይቁ እሷ ብቻዋን ልታስቀራቸው ትችላለች። የኢትዮጵያ ድምፅ ከ1000 አንድ እንኳ አይሞላም።

የኅብረት ሥራ አባላት ይህን ከራሳቸው ማኅበር ጋር ሊያነጻጽሩት ይችላሉ። በመሠረታዊ ማኅበር አንድ ዕጣ የገዛውም አሥር የገዛውም ያለው አንድ ድምፅ ነው። ቀደም ሲል ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ይህንኑ ከመደንገጉም በላይ አንድ አባል ከጠቅላላው ዕጣ ከመቶ 10 በላይ እንዳይዝ ገድቦ ነበር።

የአዳዲሶቹ ኃይሎች ጥያቄ

ቻይና፣ ህንድና ብራዚል በኢኮኖሚ ሲጎለብቱ ደንቡ እንዲሻሻል ጠየቁ። በ2003 ዓ.ም. የተወሰነው የመዋጮ ማሻሻያ በሥራ ላይ የዋለው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። ቻይና በዚህ ሦስተኛዋ ባለመዋጮ ሆነች። አፍሪካ ኅብረት በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. የቡድን 20 አባል ሆነ። ከሰሐራ በታች ላሉ አገሮችም በ2017 ዓ.ም. በገንዘብ ድርጅቱ ቦርድ አንድ ተጨማሪ ወንበር ተሰጠ።

ከዚህ ጎን ለጎን የዚያን ጊዜዎቹ አምስት የብሪክስ አባላት በሐምሌ 2006 ዓ.ም. አዲሱን የልማት ባንክ በእኩል ዕጣና በእኩል ድምፅ ለማቋቋም ተፈራረሙ። ይህ ለኅብረት ሥራ መርህ የቀረበ አሠራር ነው። በሌላ በኩል መቀመጫው ቤጂንግ በሆነው የእስያ መሠረተ ልማት ባንክ ቻይና ዋና ውሳኔዎችን ለማስቀረት የሚበቃ ድምፅ ይዛለች። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት።

አዲስ ኃይል ሁሉ ግን ለድሃ አገር ይቆረቆራል ማለት አይደለም። ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው ሩዝ ከመቶ 40 ያህሉን የምትሸጠው ህንድ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ ነበር። ዓላማዋ በአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር ማድረግ ሲሆን የዓለም ዋጋ ግን አሻቀበ። ክልከላው የተነሳው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው።

ጉዳዩ ወረታ ሲደርስ

ኢትዮጵያ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት በቡድን 20 ማዕቀፍ የጠየቀችው በ2013 ዓ.ም. ነው። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ በጋራ የመሩት ፈረንሳይና ቻይና ናቸው። የመርህ ስምምነት የተደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚህ መካከል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ዕለት የገንዘብ ድርጅቱ የ3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር በመሆኑ፣ ዋሽንግተን ላይ የተመከረበት ጉዳይ መንግሥት ድጎማ ቢመድብም ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ መታየቱ አልቀረም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አበዳሪዎቹ በኮሚቴ ተሰብስበው ሲቀመጡ ተበዳሪዋ አገር ብቻዋን መቅረቧ ነው። ተስማምተው ዋጋ ከሚቆርጡ ነጋዴዎች ፊት ኩንታሉን ይዞ ብቻውን የቆመ አርሶ አደር ይህን ሁኔታ አሳምሮ ያውቀዋል። ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋመውም ስለዚሁ ነው። ለአንድ ሰው ሸክም የሆነው ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ተበዳሪ አገሮችም በአንድነት የሚደራደሩበት መድረክ ያስፈልጋቸዋል። የዓለም የኢኮኖሚ አስተዳደር ማሻሻያ ሲባል በወንበሮቹ ላይ የሚቀመጡት አገሮች መቀያየር ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የትንሹም ድምፅ የሚቆጠርበት ደንብ መጻፍ አለበት። እስከዚያው በፎገራ ሜዳ የሚመረተው እያንዳንዱ ኩንታል ሩዝ በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛው ላይ የሚቀንስ በመሆኑ፣ ለአገር የመደራደሪያ አቅም ነው።